ባዶው ዙር

ልጅቷን «ይቅርታ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ካሜራ ባነሳች ቁጥር ይቅርታ ትላለች። አገጬን ቀና ለማድረግ በጣቷ ጫፍ ስትነካኝ ይቅርታ፣ መብራት ስታስጠጋ ይቅርታ፣ ቀጭ ስታደርግ ይቅርታ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። አንድ ቀን ምርር ሲለኝ «ምን በድለሽኝ ነው? ንገሪኝና ልወቀው» አልኳት፤ በዚያው ስሙ ጸደቀባት። ስቱዲዮው በሙሉ ይቅርታ ይላት ጀመር። እሷም ሳትቀየም፣ ስልክ ስታነሳ «ይቅርታ ነኝ» ማለት ለመደች።

እውነቱን ለመናገር ቂም ነበረኝ። የተዋወቅን ዕለት «እትዬ» ብላ ጠርታኛለች። ሞዴልን እትዬ ማለት በቁሟ መቅበር ነው። ዕድሜዬን ከማንም ደብቄ አላውቅም፣ ግን ሰው ፊት እንዲጠራብኝም አልፈልግም።

ስቱዲዮው የጋሼ ነው። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን፣ የአንዱ ግድግዳ መስኮት ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ከታች የጎማ መንፊያው ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሼ ንዝረቱ እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁና ያነሳሉ። የወጣትነት ፎቶዎቼን ሁሉ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊት ለመቆም ብዬ ስንቱን ሥራ ጥዬ መጥቻለሁ። እንዲህ ቁሚ፣ እንዲያ ዙሪ አይሉም። ዝም ብለው ያነሳሉ፣ ያነሳሉ፣ እኔ ስልችት ብሎኝ እጄን ሳወርድ «በቃ፣ አሁን ጀመርን» ይላሉ። ሁሌም እንደ ቀልድ ነበር የምወስደው።

ይቅርታ ከመምጣቷ በፊት ሠርግ ስታነሳ የኖረች ናት። ጋሼ ምን አይተውባት እንደተቀበሏት ስጠይቃቸው፣ ይዛ ከመጣቻቸው ፎቶዎች መሀል አንዷን ነገሩኝ። ፎቶዋ ላይ ሙሽራም ሙሽሪትም የለም። የሙሽሪት አክስት ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። «ይቺ ልጅ ማየት ታውቃለች፤ የቀረውን እኔ አስተምራታለሁ» አሉኝ።

አስተማሯትም። በመጀመሪያ ካሜራ አላስነኳትም፤ ነጭ ሰሌዳ አስይዘው የመስኮቱን ብርሃን ወደ ፊቴ ስትመልስ አዋሏት። ጥቁር ልብስ በጥቁር ጀርባ ላይ አስነሷት፣ ከዚያ ነጭ በነጭ ላይ። ስታበላሽ አይቆጡም፤ ፎቶውን ፊቷ ያስቀምጡና ሻያቸውን ሊጠጡ ይወጣሉ። የመቆጣቱ ሥራ ለእኔ ተረፈ። ሞዴል ትንፋሽ ስትስብ የካፖርት ትከሻ እንደሚነሳ፣ ስለዚህ ስታስወጣ ጠብቀሽ አንሺ ብዬ የጮህኩባት እኔ ነኝ። በማግስቱ ትንፋሼን እየቆጠረች ታነሳኝ ጀመር። የሚነግሯትን የማትረሳ፣ ያጠፋችውን የማትደግም ልጅ ሆና አገኘኋት። ላደንቃት አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ምን ላድርግ።

ችግሩ የጋሼ ዓይን ነበር። የሚያነጣጥሩበት የቀኝ ዓይናቸው ጉም ለበሰ። መጀመሪያ ደበቁት። ኋላ ግን ፎቶዎቹ አወጡባቸው፤ ጆሮዬ ጥርት ብሎ ዓይኔ ደብዘዝ ያለ ፎቶ ይወጣ ጀመር። ይህን ቀድማ ያየችው ማዳም ናት። ማዳም የልብስ ዲዛይነር ነች፤ ስቱዲዮው የሚተነፍሰው በእሷ ሥራ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው ጥግ የተቀመጡትን ጋሼን እያየች፣ የአዲሱን ካፖርት ፖስተር ልጅቷ ታንሳው አለች። ጥሩ ከሆነ እንቀጥላለን፤ ካልሆነ ሥራዬን ይዤ ወደ ሌላ ስቱዲዮ እሄዳለሁ ስትል ጨመረች። ሁላችንም ገባን። ማዳም ከሄደች ክፍሉ ይዘጋል፣ ይቅርታም ወደ ሠርግ ቤቷ ትመለሳለች።

ሌላ ማንም ያላወቀው ነገር ደግሞ ነበር። ማዳም በዚያው ሰሞን ለብቻዬ ጠርታ፣ ከዚህ በኋላ ወጣት ፊት እንደምትፈልግ በለሆሳስ ነግራኛለች። ካፖርቱ ግን በእኔ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ እኔው እንድለብሰው ፈቀደች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ፖስተሩ ለልጅቷ የመጀመሪያዋ፣ ለእኔ የመጨረሻዬ ነበር።

የሥራው ቀን ጠዋት ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። ካፖርቱ ወይን ጠጅ ሲሆን፣ ከጀርባ እንዲጠብ በስፒል ተይዟል። ሞዴል ማለት እንዲህ ናት፤ ከፊት ያየ ንግሥት ይላታል፣ ከኋላ ያየ ጃርት። መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። እንደወትሮው የምጀምርባቸው ፊቶች አሉኝ፤ ሩቅ የምታየዋ፣ ደብዳቤ የደረሳት የምትመስለዋ፣ ያኮረፈችዋ። ያን ቀን አንዳቸውንም ለማውጣት አቅም አጣሁ። የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሬ መቆለፍ ያዝኩ፣ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከእንግዲህ በልኬ የሚቆረጥ ልብስ የለም ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም ይህን ሁሉ ዘመን ስቆም ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ምንም አልሠራሁም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ ይላል ካሜራው። ይቅርታ አንድም ጊዜ ይቅርታ አላለችም። ማዳም ከወንበሯ ተነሳች።

«ይሄ ነው» አለች። «አሳዪኝ እስኪ።»

ልጅቷ ካሜራውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሼ ከጥጋቸው ተነሱና፣ ፎቶ የሚይዘው ካርድ አሮጌ ነው፣ ሰሞኑንም ሲያስቸግር ነበር፣ ተበላሽቶ ይሆናል እያሉ መንተባተብ ጀመሩ። ካርድ ይበላሻል፤ የትም የሚያጋጥም ነገር ነው። ማዳም ማመን ጀምራ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

«አይ ጋሼ» አለች ይቅርታ። «ካርዱ ደህና ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ካሜራው ባዶ ነው።»

ከዚያ ለሁላችንም ነገረችን። የጋሼ አሠራር ነው። ሞዴል ስትመጣ የለመደችውን ፊት ተሸክማ ነው የምትመጣው፤ ያን ሁሉ አውጥታ እስክትጨርስ በባዶ ካሜራ ታነሳታለህ። ሲሰለቻትና የራሷ ፊት ብቅ ሲል ቀስ ብለህ ካርዱን ትከታለህ። በፊልሙ ዘመን ፊልም ለመቆጠብ የተጀመረ ነው፤ ባዶው ዙር ይሉታል። ለሞዴሏ አይነገራትም፤ ካወቀች ፊቶቿን አታወጣማ።

«በቃ፣ አሁን ጀመርን» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«እኔንም?»

«ሁልጊዜ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ደሜ ፈላ። ስንት ጠዋት ለባዶ ቆርቆሮ ተሽኮርምሜያለሁ። ያ ሲገርመኝ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ምንም ሳልሠራ የቆምኩበት ቀን ፎቶ የትም የለም። መልበሻ ክፍል ገብቼ በሩን ደረገምኩት። ደግ አድርጌ ልቀመጥና ልናደድ ብል፣ ስፒሉ ወንበሩን አላስደግፍ አለኝ። ቆሜ ተናደድኩ። ከበሩ ማዶ ማዳም ሌላ ቀጠሮ እንዳላት ለጋሼ ስትነግራቸው፣ የቦርሳዋም ዚፕ ሲዘጋ ይሰማኛል።

ይቅርታ ሳታንኳኳ ገባች። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ይቅርታ ስትለኝ የምላትን በልቤ ደርድሬ ጨርሻለሁ። እሷ ግን አላለችም። የጫማ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ያየሁትን ልንገርሽ» አለች። «ሁለተኛው ቁልፍ ላይ እጅሽ ቆመ። ሰው ቤት ለቆ ሲወጣ በሩን እንደሚያየው ነው ያየሽው። ሁሌ ከፍ አድርገሽ የምትይዣት ግራ ትከሻሽ ወረደች። ከዚያ ፈገግ አልሽ፣ ለእኛ ግን አልነበረም። የመጨረሻሽ መሰለኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አየሁት እኮ ነው የምልሽ። ያየሁ ጊዜ አቁሜ ካርዱን መክተት ነበረብኝ። የተማርኩትን እንዳላዛንፍ ስጠነቀቅ አንቺን ተውኩሽ። ያን ፊት ድገሚልኝ አልልሽም።»

ያን ሁሉ ዘመን ስነሳ ኖሬ፣ ምን እንዳየብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቆንጆ ነሽ ብለውኛል፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ ብለውኛል፣ ፎቶዬን በየግድግዳው ሰቅለዋል። ይቺ በሹክሹክታ ድምፅ የምታወራ ልጅ ግን ትከሻዬን በስሟ ጠርታ ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። እንባዬ መጣ፣ ኩሌም አብሮ ወረደ።

«ኩሌ ሄደ» አልኳት።

«ይሂድ» አለችኝ።

ስንወጣ ማዳም ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ደርሳለች። ልጅቷ አልለመነቻትም። ካርዱን ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የካሜራውን ትንሽ በር ከፈተች፣ ዓይኔ እያየ ከተተችው፣ ዘጋችው።

«ከአሁን በኋላ የምትሰጪኝ ሁሉ እዚህ ይገባል» አለች። «ካልፈለግሽ ካፖርቱን አውልቂው፣ አልቀየምሽም።»

ላወልቀው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሞቆኛል፣ ስፒሉ ወግቶኛል፣ ኩሌ ጉንጬ ላይ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ካፖርቱ ከአንዱ ትከሻዬ ሲንሸራተት ተንፈስ አልኩና ልጅቷን ቀጥ ብዬ አየኋት። ያን ጊዜ ከታች የጎማ መንፊያው ተነስቶ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ይቅርታ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ንዝረቱ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነች።

ማዳም ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። መጀመሪያ፣ ካፖርት እየወለቀ የሚያስተዋውቅ ማን ነው አለች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ውጭ የነበረውን ብርድ ሁሉ ጨርሳ የመጣች ትመስላለች። አልተሽኮረመመችም፣ ሩቅም አታይም። በካፖርቱ ጠርዝ አንዲት ስፒል ብልጭ ትላለች።

«ስንት ዘመን ሲለብሱት ብቻ አሳየን» አለች ማዳም በመጨረሻ። «ቤቷ የገባች ሴት አሳይተን አናውቅም።» ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ስፒሏ ትጥፋ ወይስ ትቆይ ብላ ስትጠይቅ፣ ይቅርታ ትቆይ አለች፤ ቆየች።

ፖስተሩ የማዳምን ሱቅ መስኮት ሞላው። ማዳም በእኔ ጉዳይ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ በቀጣዩ ወቅት ወጣቷ መጣች። አልከፋኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን ስቱዲዮው አልተዘጋም፣ እኔም አልወጣሁም። አዲሶቹን ልጆች አቋቋም የማስተምረው፣ ስለ ትከሻ የምጮህባቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ የሁሉንም ሥራ ትሠራለች። ባዶ ዙር የሚባል ነገር ቀርቷል። ማንም ፊቷ ሲቆም ካርዱን አሳይታው ትከታለች፤ ልጆቹ ጸሎት ነገር ይመስላቸዋል። በቅድሚያ ተቀምጣ ታወራቸዋለች፣ ፊታቸውን አውጥተው እስኪጨርሱ በዓይኗ ታነሳቸዋለች። ከጋሼ የተማረችውን አልጣለችም፤ ውሸቱን ብቻ ነው ያወጣችለት። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ መምህሩን ሳያሳፍር መምህሩን ያረመ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ጋሼ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። ፎቶ አንሺኝ አሏት። እድሜ ልካቸውን ተነስተው አያውቁም። መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን አጣመሩ፣ ፈቱት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ አወጡት።

«መጀመሪያ ባዶውን አድርጊልኝ» አሏት፣ ሳቅ እያሉ።

ይቅርታ ካርዱን በመዳፏ አሳየቻቸውና ከተተችው። ሳቃቸው ጠፋ። ስንቱን ሰው አቁመው ያነሱት ሰውዬ ፈሩ። ዞረው እኔን ፈለጉኝ።

«እንዴት ነው የሚቆመው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ነገረኛ መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለስንት ጠዋት ያጠራቀምኩት። ዋጥኩት።

«ዝም ብለው ይቁሙ ጋሼ» አልኳቸው። «እሷ ታይዎታለች።»

ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ከታች ጎማ እየነፉ ነበር። ጸጥ እስኪል ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን፤ ከዚያ ይቅርታ ተጫነች።