ሁለተኛው ረድፍ

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ማይክሮፎን የለም። ጥናቱን የሠራችው ታላቅ እህት እዚያ ተቀምጣ የታናሽ እህቷን ማጅራት ታያለች። ታናሽየዋ ዲፕሎማት ናት፤ ከፊት፣ ከሰፊው ጠረጴዛ፣ ከትንሿ ባንዲራ አጠገብ ተሰይማለች። በስብሰባው ደንብ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይናገርም፤ የሚለው ካለው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ወደ ፊት ያቀብላል።

ማጅራቷ እንኳ ያምራል፤ ይህም አናደዳት። ለጥናቱ በድንበር አቧራ የተንከራተተችው፣ ከድንበር አካባቢ እናቶች ጋር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ የጠየቀችው እሷ፤ ካሜራው የሚያነሣው ግን ሌላዋን። እናታቸው ለጎረቤት ሲያወሩ «ትንሿ ልጄ አገር ታስታርቃለች» ይላሉ። ስለ ትልቋ ሲጠየቁ ደግሞ የሰው ሕመም እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷማ መጽሐፍ ታነባለች» ብለው ያልፋሉ።

ጉዳዩ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ኩፍኝ የሚጨርሳቸው ሕፃናት ነበር። እናቶቹ ለገበያም ለዘመድም ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ። የአንዱን አገር የክትባት ካርድ የሌላው አገር ጤና ጣቢያ አይቀበልም፤ «ይኼ የኛ አይደለም» ተብላ በሰው ፊት የተመለሰች እናት ደግማ አትመጣም። ጥናቱ የደረሰበት ይህ ነው። ዛሬ የሚፈረመው ስምምነትም አንዱ ካርድ በሁለቱም አገር እንዲሠራ ነው።

ጠዋት መኪና ውስጥ ታናሽየዋ የጥናቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ አነበበችና ጥራዙን ዘጋችው። «ገባኝ እትዬ፣ ግሩም ነው» አለች፣ የከንፈር ቀለሟን እያወጣች። ያ ምዕራፍ የያዘው ግን ሰው ሁሉ የሚያምነውን፣ ጥናቱ በኋላ የሚያፈርሰውን ግምት ነበር። ታላቅየዋ መናገር ትችል ነበር። ቅናት አፏን ያዘውና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት መረጠች።

አሁን የወዲያኛው አገር ልዑክ መሪ መነጽራቸውን አወለቁ። «ክብርት፣ እናቶቹ ጤና ጣቢያችንን የሚሸሹት ለምንድን ነው ይላል ጥናታችሁ?»

«ክትባቱን ስለሚፈሩ ነው» አለች ታናሽየዋ፣ ረጋ ብላ።

«እንግዲያው ችግሩ ካርዱ አይደለማ» አሉ ሰውየው፣ የፊታቸውን ሰነድ እየዘጉ። «ስምምነቱ ምን ያደርግልናል?»

ታላቅየዋ ደስ አላት። እውነትም ደስ አላት። ወዲያው ግን የልጇን ካርድ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ከጉያዋ አውጥታ ያሳየቻት እናት ትዝ አለቻት። ልጇ ከሞተ በኋላም አልጣለችውም።

«ፍርሃት አይደለም፤ ካርዳቸውን ሁለታችንም ስለማንቀበል ነው። ምዕራፍ አራት» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ጨበጠችው። ካቀበለችው በዚያ ባማረ ድምፅ ተነብቦ የእህቷ ይሆናል፤ ነገ እናታቸው ለጎረቤት የሚያወሩት ይጨምራል።

የታናሽየዋ ማጅራት ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዞር አላለችም። ቀኝ እጇን ብቻ ከወንበሩ ኋላ አሳልፋ መዳፏን ዘረጋች፤ ልጆች ሳሉ መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ታደርግ እንደነበረው፣ ሳታይ፣ እትዬ እንደምትይዛት ሳትጠራጠር።

ታላቅየዋ ቅናቷ ሳይለቃት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ወረቀቱን መዳፏ ላይ አኖረችላት።