የእናቲቱ ሥር

ኒልዳ በሁለት እጇ ስትጎትተው ዊራ ዊራ የሚሉት የሳል መድኃኒት ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ መጣና በቂጧ ዘጭ አለች። ተነስታ ቁልቁለቱን ተንደረደረች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር ጉድጓዱን ታያለች።

ዳገቱ ላይ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ያለችውን ትልቋን ዊራ ዊራ የመንደሩ ሰዎች "እናቲቱ" ይሏታል። ለሳል ዙሪያዋን ከበቀሉት ልጆቿ ይቀጠፋል እንጂ እሷ አትነካም። ለልጆቿም ቢሆን ሦስት የኮካ ቅጠል አስቀምጦ ማስፈቀድ አለ። ዘንድሮ ግን ነጋዴዎች ልጆቿን ጠራርገው ለገበያ ወስደዋቸዋል። የከተማው ሐኪም የአያቷን የኢላሪያን ሳንባ አዳምጦ "ቤታቸው ይረፉ" ሲል፣ የኒልዳን ዓይን ማየት አልፈለገም።

ቤት ስትደርስ ሥሩን ከበር ኋላ ደበቀች፤ ቅጠሉን አፍልታ አቀረበች። አያቷ ኩባያውን አሸተቱት።

"ይሄ የአሮጊት ቅጠል ነው።"

"ታዲያ እርስዎም አሮጊት ነዎት፤ ትስማማላችሁ።"

"እናቲቱን ነቀልሻት?"

የኒልዳ ዓይን ወደ በሩ ኋላ ሸሸ።

"አስፈቀድሽ?"

"ይቅርታ ብያታለሁ... እየሮጥኩ።"

አሮጊቷ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው። ሲተዋቸው ኩባያውን መሬት አኖሩት።

"ሥሩ ሳይደርቅ መልሰሽ ትከያት። ነገ ልጅ ወልደሽ ሲያስለው ከየት ትቀጥፊያለሽ?"

"አሁን የሚያስሉት እርስዎ ነዎት!"

"እኔማ ጨርሻለሁ፣ ልጄ።"

ኒልዳ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ዳገቱን ወጥቶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ትንፋሹ እስከዚያ አይጠብቃትም።

"አልሄድም።"

"ይደርቃል እኮ!"

"ይድረቅ! ትቼዎት አልሄድም አልኩ እኮ!"

አያቷ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተኝተው እንኳ አያወልቁትም ነበር፤ ኒልዳ ሁልጊዜ "ራሰ በራ ነዎት እንዴ?" እያለች ታበሽቃቸዋለች። ሁለት ቀጫጭን ነጭ ጉንጉኖች ትከሻቸው ላይ ወረዱ።

"እንኪ፣ አፈር ሙይበት" አሉ። "ከእንግዲህ ፀሐይ አይነካኝም።"

ከደጅ አፈር ዝቃ ባርኔጣውን ሞላች፤ ሥሩን ተከለችና ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። ከአያቷ ከረጢት ሦስት የኮካ ቅጠል መርጣ አፈሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ኩባያውን አነሳች። ገና ሙሉ ነው።

"አንዴ ብቻ ይጎንጩልኝ፣ እማማ።"

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ኒልዳ በአንድ እጇ የአያቷን እጅ ያዘች። በሌላው የቀዘቀዘውን ሻይ፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር፣ ቀስ እያለች ሥሩ ላይ አፈሰሰችው።