የሽፈራው ደረት

ሽፈራው በስቶክሆልም ምዕራብ በኩል የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ በጋም ይሁን ክረምት፣ ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ፣ ከካናቴራው ሥር ደግሞ ደረቱን የሚጠፍር ሰፊ የላስቲክ ፋሻ ሳያስር ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ፋሻው ለወገብ ሕመም ተብሎ ፋርማሲ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት ዩልስታ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ መታጠቢያ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሦስት ዙር ይጠመጥመዋል። ሚስቱ ሃይማኖት በሩን አታንኳኳም። ልጁ ሊናም አሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ የምታውቀው አባቷ መታጠቢያ ቤት ከገባ ቶሎ የማይወጣ ሰው መሆኑን ብቻ ነው።

ጡት ነበረው። ሌላ ስም የለውም። በአሥራ አራት ዓመቱ ሁለቱም በኩል ጠጠር ብሎ አበጠ። እናቱ "የጉርምስና ነው፣ ይጠፋል" አለችው። አልጠፋም። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ በውፍረት ማሳበብ እንኳ አይቻልም፤ ከአንገቱ በታች የሌላ ሰው ደረት የተለጠፈበት ይመስላል።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ሰኔ ላይ ሙቀቱ በረታ። የሾፌሩ መቀመጫ በመስታወት የተከበበ ስለሆነ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ያቃጥላል። ላቡ ከፋሻው ሥር ተጠራቅሞ መጀመሪያ አሳከከው፣ ቀጥሎ ቆዳው ተላጠ፣ ከዚያ መግል ያዘ። ሽፈራው በመግሉ ላይ ጥጥ አድርጎ ፋሻውን አጠበቀ።

አንድ ቀን እራት ላይ ሃይማኖት ቀና ሳትል "ሽፌ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ" አለችው።

"ለምኑ?"

"ለሚሸተው።"

ከዚህ ሌላ የተናገሩት ነገር የለም። በሳምንቱ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሄደ። የተቀበለችው ሐኪም ሽበት ጣል ጣል ያደረጋት ሴት ነበረች። ፋሻውን ስትፈታ ቆይታ፣ ቁስሉን አይታ፣ ማስታገሻ ቅባት አዘዘችለት። ከዚያ ግራ ጡቱን በጣቶቿ ዳበስ አድርጋ ቆም አለች። ከሥሩ ጠንከር ያለ ነገር አለ፤ ለጥንቃቄ ራጅ ይታይ አለችው። ሽፈራው እሺ አለ። አውቶቡሱን ወደ ጥገና የሚያስገባ ያህል እንኳ አልከበደውም።

ራጁ የሚነሣበት ቦታ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ይመስል ነበር። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች የሴቶች ናቸው፤ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ስሙን እየተንተባተበች ጠራች። ብድግ ሲል ፈገግ ብላ "ሚስትህስ የት አለች?" አለችው። ሽፈራው "እኔ ነኝ" አለ። ነርሷ ወረቀቷን አየች፣ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሴቶቹ ሁሉ ወደያዙት መጽሔት አቀረቀሩ። ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛው ማሽን ጡቱን እንደ ቂጣ ሲደፈጥጠው፣ ሊያፍር የሚገባው ጊዜ ይህ መሆኑን አሰበ። ኀፍረቱን ጠበቀው። አልመጣም።

ውጤቱ ደህና ነበር። ካንሰር የለም። ሆኖም ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩት። ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ክንዱ ፀሐይ ያቀላው፤ ከዕረፍት የተመለሰ ይመስላል። በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ደረት ሣለ። እዚህ ጋ ይቀደዳል፣ ከሥር ያለው እጢ ይወጣል፣ ጠባሳው በጡት ጫፉ ዙሪያ ስለሆነ ብዙ አያስታውቅም። ደም ሊቋጥር ይችላል። የቆዳው ስሜት ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም።

"ማውጣት ይቻላል፤ መተውም ይቻላል" አለው ሲጨርስ። "ምን ትፈልጋለህ?"

"አንተ ምን ትመክረኛለህ?"

"ለሕይወትህ የሚያሰጋ አይደለም። ስለዚህ ምርጫው የአንተ ነው።"

ሽፈራው ሐኪም ማለት እንዲህ አድርግ የሚል ሰው ነው ብሎ ነው ያደገው። ምን ትፈልጋለህ የሚለው ጥያቄ እንግዳ ሆነበት። ወታደር ሲያደርጉት የጠየቀው አልነበረም፤ የሱዳንን ድንበር ሲሻገርም ከሚሮጠው ሰው ጋር ሮጠ እንጂ ያማከረው የለም። ሐኪሙ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጠውና እስከ መስከረም ማለቂያ ድረስ አስብበትና ደውል አለው። ሽፈራው ወረቀቱን ወጥ ቤት ካለው መሳቢያ ውስጥ ከቤት ኪራይ ደብዳቤዎች ጋር አስቀመጠው። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ። ለማሰብ ሲቀመጥ ሐሳቡ እንደ ደነዘዘ እግር አልታዘዝ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ሳይጠሩት ይመጣ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል፣ ማሠልጠኛው አጠገብ በሚያልፍ ወንዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም ልብሱን አውልቆ ይታጠብ ነበር። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ አንድ አሥር አለቃ በያዘው አርጩሜ ደረቱን ነካ አድርጎ፣ "እሜቴ፣ እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?" አለው። ወንዙ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽፈራውም አብሮ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ እሜቴ ሆነ። ሰሜን ሲዘምቱም እሜቴ ነው፤ ጭኑን ተመትቶ በቃሬዛ ሲያነሡት እንኳ ተሸካሚዎቹ "እሜቴን ቀስ፣ እሜቴን ቀስ" ይባባሉ ነበር። ስዊድን ከገባ በኋላ ያን ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመውም። ለሃይማኖትም አልነገራትም።

መስከረም ላይ የሐበሻው ሁለት ሺህ ዓመት ገባ። የስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ሪንከቢ የሚባል ሰፈር ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ቅዳሜ ከሰዓት በዓሉን አከበሩ፤ ከሌላ ከተማ የመጣም ብዙ ሰው ነበር። ሽፈራው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ምግብ ሊያነሣ ተሰልፎ ሳለ፣ ከኋላው አንድ ድምፅ "እሜቴ!" ብሎ ጠራ።

ዞረ። ራሰ በራ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው እጁን ዘርግቶ ይመጣል። ዓምደሚካኤል ነበር፤ በአንድ ጓድ ውስጥ ሦስት ዓመት አብረው የነበሩት፣ ያን ቃሬዛ ከተሸከሙትም አንዱ። አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። "ሞተሃል ብለውኝ እኮ ነው" ይላል ደጋግሞ። ሽፈራው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

ሊና በስዊድንኛ "እሜቴ ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። ሃይማኖት ባሏን አየችው።

"የድሮ ቅጽል ስም ነው" አለ ሽፈራው።

በኋላ ሁለቱ ወንዶች ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዓምደሚካኤል ኖርሾፒንግ በሚባል ከተማ እንደሚኖር፣ መጋዘን እንደሚሠራ፣ ሚስቱን እንደፈታ ነገረው። የሞቱትን በስም በስም ቆጠሩ። ከዚያ ሽፈራው "ያን ስም ለምን እንዳወጣችሁልኝ ታስታውሳለህ?" አለው።

"እንዴት አላስታውስም? ወጥ አከፋፋያችን ነበርክ እኮ። ጭልፋውን ይዘህ ለአሥራ ሁለት ሰው ስታደርስ ለማንም አታዳላም ነበር። ለራስህ የምታስቀረው የድስቱን ጥራጊ ነው። እንደ ደግ የቤት እመቤት። ለዚያ ነው እሜቴ ያልንህ።"

"ወንዙ ዳር አይደለም?"

"የቱ ወንዝ?"

ሽፈራው ፊቱን አጥንቶ አየው። ሰውዬው ለእሱ ሲል እየዋሸ ይሁን በእርግጥ ረስቶ፣ መለየት አቃተው። ጭልፋውን ያስያዙት እሜቴ ከተባለ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነው። ዓምደሚካኤልም በዚያች ቅዳሜ ከወንዙ ውስጥ ነበረ፤ ሳሙናውን ጭንቅላቱ ላይ እንደያዘ ሲስቅ ዛሬም ይታየዋል።

"ምን ሆንክ?" አለው ዓምደሚካኤል።

"ምንም። ረስቼው ነው።"

ስልክ ተለዋወጡና ተለያዩ። በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ሽፈራው በመስኮቱ የዋሻውን ጥቁር ግድግዳ እያየ፣ የሰማው ነገር ደስ ያሰኘው እንደሆነ ራሱን መረመረ። አልሞቀውም አልበረደውም። ስሙን ያወጡለት በጭልፋው ቢሆን በጡቱ፣ ነገ ጠዋት የሚጠመጥመው ፋሻ ያው ነው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ሊና ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ሳለ፣ ሃይማኖት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ ከፊቱ ተቀመጠች።

"እሜቴ ያሉህ በደረትህ ነው፤ አይደል?"

 "ታውቂያለሽ ማለት ነው" አለ።

"አሥራ አራት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ እኮ፣ ሽፌ።"

"አንድ ቀን አላነሣሽም።"

"አንተ ከቆለፍክ እኔ በየት በኩል ልግባ?"

ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተና ወረቀቱን ሰጣት። ሃይማኖት ሄሰልቢ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ የሐኪም ወረቀት ማንበብ አይቸግራትም። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ይቅር" አለች። "እኔን ምንም አላደረገኝም።"

"ላንቺ አይደለም።"

"እና ለማን ነው?"

የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቱ ሲያለሰልስ ቆየ። "በበጋ አንድ ሸሚዝ ብቻ ለብሼ መንዳት እፈልጋለሁ" አለ።

ሃይማኖት ቀሪውን ጠበቀች። ቀሪ አልነበረም።

"ለሸሚዝ ብለህ ሰውነትህን በቢላ ልታስነካ ነው?"

"ሌላ ምክንያት ይመጣል ብዬ በጋውን ሙሉ ጠበቅሁ። ትናንት ዓምደሚካኤልን ሳገኘው እንኳ አሁን አንድ ነገር ይሰማኛል አልኩ፤ ወይ እናደዳለሁ፣ ወይ ይቀለኛል። ምንም የለም። ሸሚዙ ግን አለ። እሱን እፈልጋለሁ።"

"ማደንዘዣው ያስፈራኛል።"

"አንቺ ፍሪልኝ" አለ ሽፈራው። "እኔ መፍራቱ አቅቶኛል።"

ሃይማኖት አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለትና ሰኞ ቢሮው ሲከፈት እንዲደውል ነገረችው። ሰኞ አውቶቡሱን መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሞ፣ በስድስቱ ደቂቃ ዕረፍቱ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ለቀዶ ሕክምናው ሁለት ቀን አቅርባ አማረጠችው። የኋለኛውን ወሰደ።

ኅዳር ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሐኪሙ ቆሞ እንዲታይ አዘዘውና በጥቁር ቀለም ደረቱ ላይ ሁለት ክብ አሰመረ። "አሁንም ትፈልጋለህ?" አለው። ሽፈራው "አዎ" አለ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ማደንዘዣው በክንዱ ሲገባ ስለ ሊና ማሰብ ፈለገ፤ በዚያ ቀን የእሱ ተራ የነበረው የአውቶቡስ ፈረቃ ለማን እንደተሰጠ ሲያስብ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ደረቱ በጥብቅ ተጠቅልሎ ከሁለቱም ጎኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ ሁሉም እንደታሰበው መሆኑን ነገረው። የወጣው ከሁለት እንቁላል አይበልጥም አለ።

"የት ነው ያለው?" አለ ሽፈራው።

"ላቦራቶሪ ልከነዋል። ለምን ጠየቅህ?"

"እንዲሁ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሃይማኖትና ሊና መጡ። ሊና ቱቦዎቹን አይታ በስዊድንኛ "ያምሃል?" ስትለው "አያመኝም" አላት በአማርኛ። እውነቱን ነው። ሃይማኖት ከእግሩ ሥር ያለውን ብርድ ልብስ ደጋግማ ታስተካክላለች። እሱ ያቃተውን ፍርሃት ለብቻዋ ስትፈራው እንደዋለች ገባው። እጇን ያዘው። 

ከላቦራቶሪው ደህና ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሆስፒታል የተሰጠውን ጠባብ ሰደርያ ለበሰ፤ ሰደርያው ሲወልቅ መስታወቱ ፊት ቆሞ ተመለከተ። ጠፍጣፋ፣ ትንሽ የተጨማደደ፣ ግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ የወንድ ደረት ነው። አየው፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

ሐኪሙ ስሜቱ ይመለስ እንደሆነ በየሳምንቱ ይታይ ብሎ ስለነበር ሃይማኖት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ በጥጥ ትነካዋለች። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል።

"እዚህ ጋ?"

"የለም።"

"እዚህስ?"

"ነክተሽኛል?"

"አዎ።"

"አልተሰማኝም።"

ጥጡን ወደ ብብቱ ጠጋ አደረገችው። እዚያ ጋ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር፣ ትንሽ ተሰማው። ነገራት። እሷም ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት፤ ባለፈው ሳምንት ካደረገችው ምልክት አንድ ጣት ያህል ገባ ብሏል።

በዚህ መሐል ሊና በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ የስፖርት ቦርሳዋን የት እንዳደረጉባት ጠየቀች። የሽፈራው እጅ ቶሎ ብሎ ሸሚዙን አፈፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ያዘ። ሃይማኖት "ከወንበሩ ሥር ነው" አለቻት። ልጅቷ አባቷን ልብ ብላ አላየችውም፤ አመስግና በሩን ዘግታ ሄደች። ሽፈራው ሸሚዙን እንደያዘ ቆየ። ሃይማኖት ጥጡን በእጇ ይዛ፣ እስኪለቀው ድረስ ጠበቀችው።