ዓይኔን ግንባር ያድርገው

በዚያ የዩኒቨርሲቲ የጨረር ቤተ ሙከራ በር ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ተሰቅላለች። የሚገባ ሁሉ ሰዓቱንና ቀለበቱን አውልቆ እዚያ ይጥላል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ሰው ዓይን ይመልሰዋልና። የሣጥኗ ጠባቂ ቴክኒሻኗ ናት። የጋብቻ ቀለበቴ አይወልቅም ያላትን አንድ ፕሮፌሰር ጣቱን ሳሙና ለቅልቃ ያወለቀች ሴት ናት። በገባች ቁጥር ግን በቅድሚያ የምትጥለው የራሷን፣ ከእናቷ የወረሰችውን ቀለበት ነው፤ ስትወጣ መልሳ ታጠልቀዋለች።

ጨረሩ በዓይን አይታይም። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ከመስታወት ወደ መስታወት እየታጠፈ ይሄዳል፤ ወረቀት ካገኘ ያቃጥላል፣ ዓይን ካገኘ ያጠፋል። መስታወቶቹን ስምንት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ያስተካከለው የቴክኒሻኗ ታናሽ ወንድም ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ተሰድቦ የማይመልስ ልጅ። አንዱን አስተካክሎ በጨረሰ ቁጥር ብሎኑ ላይ የእህቱን ሐምራዊ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርግበታል። ሐምራዊ ያለበትን ማንም አይነካም፤ የቤቱ ሕግ ነው።

መዶሻ ግን ይነካል። መዶሻ የቡድኑ ከፍተኛ ተመራማሪ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ሲናደድ ጠረጴዛ ስለሚደበድብ ነው። ጠረጴዛ ካጣ ሰው ይደበድባል። ባለፈው ወር የልጁን ጣቶች በብረት ማስመሪያ መትቶ ጥፍሩን አጥቁሮበታል። እህት አይታ ዝም አለች፤ የልጁ መመረቅ በመዶሻ ፊርማ ነዋ። ይባስ ብሎ፣ በር ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ «ተጭነሽ በፕላስተር ጠቅልይልኝ፣ ሰው በገባ ቁጥር ልኬቴ ይቋረጣል» ሲላት እሺ አለችው። ሥራ ከያዘች አትለግምምና ሰባት ዙር ጠቀለለችው። ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ ጩኸት ሰማች። የወንድሟ ድምፅ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። የመከላከያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ደፍታ ሮጠች፤ ሣጥኗን ዞር ብላም አላየቻት።

መዶሻ ልጁን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ይቀጠቅጠዋል። የልጁ መነጽር ወለሉ ላይ ተረጋግጧል፤ ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ የአፍንጫው ደም ደረቱን አልብሶታል።

«ነካኸው» ይላል ልጁ፣ አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው። «ስምንት ወር የለፋሁበትን ነካኸው።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁም» አለ መዶሻ፣ ቡጢውን እንደገና እያነሳ።

አውራ ጣቱ ላይ ሐምራዊ ቀለም ነበር። ልጁ ቅድም ጠብ ያደረገው ቀለም ገና አልደረቀም ኖሯል።

ልጁ ያን ሲያይ የስምንት ወር ትዕግሥቱ ባንዴ አለቀ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረ የብረት ዘንግ አንስቶ ጉልበቱን አለው። አጥንቱ ሲሰበር በሩ ድረስ ተሰማ። መዶሻ ሲንበረከክ ልጁ በዘንጉ ትከሻውን ደገመው፤ መነጽሩን ከፊቱ መንጭቆ ወረወረው፤ በጸጉሩ ጎትቶ ደረቱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና ፊቱን ወደ መጨረሻው መስታወት ገፋው።

«እንግዲያስ ግንባር ይሁንልሃ» አለው።

«ነክቻለሁ» አለ መዶሻ። «ኧረ ነክቻለሁ፣ በእናትህ። በእናትህ ልቀቀኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ተው» አለች እህት። «ተው ብዬሃለሁ፣ እስር ቤት ትበሰብሳለህ።»

የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። የጨረሩ ዋና ማጥፊያ ከሁለቱ ጀርባ ነው፤ አይደረስበትም። የበሩን መቆጣጠሪያ ይዛ ፕላስተሩን በጥፍሯ ቧጠጠችው። ሰባት ዙር። ሁለት ጥፍሯ ተገንጥሎ እጇ በደም ሲዘፈቅ ፕላስተሩ ንቅንቅ አላለም። የመዶሻ የግንባር ጸጉር ሲንጨረጨር ሸተታት። ዓይኑ ከጨረሩ መንገድ ሁለት ጣት ቢርቅ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መዶሻ ቢታወር አታለቅስለትም ነበር። ወንድሟ ግን ሰው ያሳወረ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። ሮጣ ግራ እጇን በመዶሻ ፊትና በመስታወቱ መካከል ከተተችው።

መዳፏ ጨሰ። ችላ ልትይዘው ነበር፤ አልቻለችም፤ ጮኸች፣ እጇም በሕመም ጨረሩ ውስጥ እንዳለ ተገለበጠ። ልጁ የእህቱን ጩኸት ሲሰማ መዶሻን ለቀቀና ቀና ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

መዶሻ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። የተሰበረ ጉልበቱን አቅፎ ይንሰቀሰቃል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ግን ደህና ናቸው። እሷ በክርኗ ዋናውን ማጥፊያ መታችው።

«አለቀ» አለች፣ የተቃጠለ እጇን በብብቷ ሸጉጣ። «አለቀ፣ የእኔ ወንድም። አልታወረም። አላሳወርከውም።»

ልጁ ፊቱን ወደ ድምጿ አዞረ። ደህነኛው ቀኝ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ተከፍቷል፤ በእጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዳብሳል። ከራሳቸው በላይ አራቱም መብራቶች ቦግ ብለው በርተዋል።

«እትዬ» አለ፣ «መብራቱን ለምን አጠፋሽው?»

እጇን ከብብቷ አውጥታ አየች። የእናታቸው ቀለበት ጣቷ ላይ ነበር።