አንገተ ቆልማማው መነጽር

«የግራ ዓይንዎን ብቻ፣ እትዬ! ሁለቱንም ጨፍነውማ ምን ሊታይዎት?» አለ የስፖርት ዕቃ ሻጩ።

ልብስ ሰፊዋ ቀኝ ዓይኗን ከፈተች። ከመንገዱ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት በር ዘሎ አፍንጫዋ ሥር ደረሰ። በሩ ላይ የተለጠፈችው ብጣሽ ወረቀት ሳትቀር ተነበበችላት፤ «ገፍተው ይግቡ» ትላለች።

«ይኼ ቀጥተኛው ነው» አለ ሻጩ፤ የአቅርቦ ማያውን መነጽር ቱቦ እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ እያደረገ። «ፊት ለፊት ያነጣጥሩታል፣ ፊት ለፊት ያዩበታል፤ አለቀ። ይኼኛው ደግሞ አንገተ ቆልማማው ነው።» የኋላ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ሌላ መነጽር ከመደርደሪያው አወረደ። «በዚህ ከላይ አጎንብሰው ነው የሚያዩት። እውነቱን ልንገርዎት? ለጀማሪ አይመችም። ወደ ታች እያዩ ፊት ለፊት ያለውን መፈለግ ግራ ያጋባል። አንዱ ደንበኛዬ በተኩስ ውድድር መሐል የጎረቤቱን የዒላማ ወረቀት ሲያይ ቆይቶ፣ በሰው ጥይት ቀዳዳ አልቅሷል።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሩን የምትገዛው ለልጇ ነው። ነገ በውድድሩ ከልጇ ጎን አምስት ሰው ለመተኮስ በደረቱ ይተኛል፤ ስድስት ወረቀት ጎን ለጎን ይሰቀላል። ልጅቷ የሰው ወረቀት ስታይ፣ ሰው ሲስቅባት፣ ሁለተኛ ጠመንጃ አልነካም ብላ ክፍሏን ስትዘጋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት። እናትየው እንዲህ ናት። ልጇ ስትዘገይ ሆስፒታል፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው የሚመጣባት።

ልጇ በሠፈሩ የተኩስ ስፖርት ክበብ በደረቷ ተኝታ፣ ሃምሳ ሜትር ርቆ የተሰቀለ ወረቀት ትመታለች። በዚያ ርቀት የጥይቷ ቀዳዳ ከምስር ፍሬ አትበልጥምና ያለ መነጽር አትታይም። ነገ ክበቡ ለአገር አቀፉ ውድድር ሁለት ሰው ይመርጣል። ባለፈው ማጣሪያ ልጅቷ እስከ ሠላሳኛዋ ጥይት ስትመራ ቆይታ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ጥይቶቿ ተበታተኑና ወደ ኋላ ቀረች። አሠልጣኙ «ችግሯ ትንፋሽ ነው» አሉ። የክበቡም መነጽር ስላረጀ፣ «ቀጥተኛውን ግዙላት፤ እኔም ከኋላ ቆሜ አይበታለሁ» ብለው መከሩ።

«ቀጥተኛውን ልጠቅልልዎት?» አለ ሻጩ።

«ቆይ። መሬት ልተኛ?»

«ምን አሉ?»

«ልጄ ቆማ አይደለም የምትተኩሰው።»

ሃያ ዓመት ስትሰፋ አንድም ደንበኛ ልብሷን በቁሟ ብቻ ለክታ እንድትሄድ ፈቅዳ አታውቅም። ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን እሰሪ ትላለች። መስታወት ፊት ያማረ ቀሚስ ወንበር ላይ ሲተረተር ስንቴ አይታለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አንጥፋ፣ በሱቁ ወለል ላይ በደረቷ ተዘረጋች። ጃንጥላዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ደገፈችው። ኳስ ሊገዙ የገቡ አባትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አይፍሩ፣ ጃንጥላው ባዶ ነው» አላቸው ሻጩ፤ ቀጥተኛውን መነጽር በአጭር ማቆሚያ ከጎኗ እያስቀመጠ።

ልታይበት ስትል ራሷን ወደ ግራ መሳብ፣ አንገቷን ማስገግ፣ ክርኗን ከወለሉ ማላቀቅ ግድ ሆነባት። ኮቷ ከቀኝ ትከሻዋ በላይ ተሰብስቦ ታጠፈ። ወደ ጃንጥላው ስትመለስ ክርኗ የቀድሞ ቦታውን አላገኘም።

ያቺን እጥፋት ታውቃታለች! የልጇን የተኩስ ጃኬት ከሸራና ከቆዳ የሰፋችው ራሷ ናት። ባለፈው ማጣሪያ ከኋላ ተቀምጣ ስታይ፣ ልጅቷ በመነጽሩ ባየች ቁጥር ከትከሻዋና ከአንገቷ መሐል አንዲት እጥፋት ብድግ ትል ነበር። ስፌቱን አበላሽቼው ይሆን ብላ ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቃበታለች።

«ትንፋሽ አይደለም!» አለች ከወለሉ ላይ።

«ማን ተነፈሰ?» አለ ሻጩ።

«ቆልማማውን አምጣው።»

አንገቱን ወደ እሷ አዙሮ አስቀመጠላት። ጉንጯን ብቻ ትንሽ ዘንበል ስታደርግ ዓይኗ ከመነጽሩ ጋር ገጠመ። ክርኗ አልተነቃነቀም፤ ኮቷም ጸጥ አለ። መድኃኒት ቤቱ ግን የለም። የሚታየው የሰው ጫማ፣ ቀጥሎ የመኪና ጎማ ነው።

«ነግሬዎታለሁ፤ ይጠፋል» አለ ሻጩ።

«የጠፋ ይፈለጋል። ጠቅልልልኝ» አለች፤ አቧራዋን እያራገፈች።

ቤት ስትደርስ ልጇ መነጽሩን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ ውድድሩ እኮ ነገ ነው! አሠልጣኜስ ምን ይሉኛል?»

«የሚሉትን እኔ እሰማለሁ። አንቺ ምንጣፍሽን ይዘሽ ሰገነት ውጪ።»

«ባላገኘውስ?»

«ዛሬ ብዙ ጊዜ ታጪዋለሽ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ነገ ከሚደርስ ዛሬ ይድረስ።»

ከሰገነቱ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ የመጋዘን አጥር አለ። ልብስ ሰፊዋ ስድስት ወረቀት ቆርጣ፣ ቁጥር ጽፋ፣ አጥሩ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካቻቸው። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አራት!» አለች።

ሰገነቱ ላይ ያለ ጠመንጃ በደረቷ የተኛችው ልጅ መነጽሩን ወዲያ ወዲህ አዞረች። «አገኘሁት።»

«ስንት ይላል?»

«ቆይ… ሦስት።»

«የሰው ባል እያየሽ ነው።»

«እማዬ!»

«ዓይንሽን ሰብስቢ። አሁን ስድስት!»

ስድስት ተብላ የመጋዘኑን ዘበኛ አገኘች። አምስት ተብላ ድመት። ከአሥር ሙከራ በኋላ ድምፅዋ መሰባበር ሲጀምር እናትየው ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ከኪሷ ጥቁር የጫማ ክር አወጣች። ቱቦውን ከፊት አንዴ፣ ከኋላ አንዴ አሰረችና ሁለቱንም ቋጠሮ አናቱ ላይ አዋለች።

«መጀመሪያ በዓይንሽ ብቻ ሁለቱን ቋጠሮና አራተኛውን ወረቀት አሰልፊ። ጨርቅ ስንቆርጥ መስመር እንደምናስይዘው። ከዚያ ወደ ውስጥ እይ።»

ልጅቷ አሰለፈች፤ ጎንበስ አለች።

«ስንት ይላል?»

«አራት» አለች ልጅቷ፤ ሳቋ አመለጣት።

ሠላሳ ጊዜ አስደገመቻት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ልጅቷ ቁጥሩ ተጠርቶ ሳያልቅ ታገኘው ጀመር። እናትየው ወረቀቶቿን ነቅላ ስትመለስ፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ ነገር ለማሰብ ሞክራ አልመጣላትም።

በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙ መነጽሩን ዞረው ዞረው አዩት።

«እህቴ፣ ቀጥተኛውን ብዬ አልነበር?»

«ብለው ነበር።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ቆመው ነው የሚያዩት፤ እሷ ተኝታ ነው የምትተኩሰው። ባየች ቁጥር ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር፤ በጃኬቷ አየሁት።»

«እኔ ሃያ ዓመት ተኩሻለሁ።»

«እኔም ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ።»

አሠልጣኙ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው፣ ከመኪናቸው የራሳቸውን ቀጥተኛ መነጽር አመጡና በረጅም ማቆሚያ ከልጅቷ ኋላ ተከሉት። ነጥብ በማይያዝባቸው የሙከራ ጥይቶች ጊዜ አሠልጣኝ መናገር ይፈቀድለታል። ልጅቷ ጆሮዋን ስለሸፈነች፣ እሳቸው ተረከዟን ነካ አድርገው፣ ቀና ስትልላቸው ጮኸው ነው የሚነግሯት።

የመጀመሪያው የሙከራ ጥይት ጮኸ።  አሠልጣኙ በመነጽራቸው አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጥይቷ ወጣ ብላለች። ይዩት፣ ይምጡ።»

እግሯ ተነሣ። ክፉውን ከሰው ቀድሞ ማወቅ የኖረችበት ነው። ግን ከመድረሷ በፊት ዓይኗ ጃኬቱ ላይ አረፈ። ልጅቷ ጉንጯን ዘንበል አደረገች፤ አየች፤ እጥፋቷ አልተነሣችም። የአንድ እጇ ጣቶች ብቻ ወደ ማነጣጠሪያው ማስተካከያ ቁልፍ ሄዱ። ቀጭ። ቀጭ። ጉንጯ ተመልሶ ጠመንጃው ላይ ዐረፈ።

አሠልጣኙ አንድ ዓይናቸውን ከመነጽራቸው ሳያነሡ፣ እጃቸውን ወደ ልጅቷ ተረከዝ ዘረጉ። ከነኳት ቀና ትላለች፤ ክርኗም ቦታውን ይለቃል።

ልብስ ሰፊዋ በመነጽራቸው ጫፍ በገመድ የተንጠለጠለውን ክዳን ያዘች፤ የፊት መስታወቱ ላይ ገጠመችው።

«ኧረ እህቴ! ጨለመብኝ እኮ!»

«ይታገሡ» አለች፤ ክዳኑን በመዳፏ እንደያዘች።

ሁለተኛው ጥይት ጮኸ። መዳፏን አላነሣችም።