ከቆጥ የወረደው ሙሉ ልብስ

ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሙሉ ልብስ የሌለው ሙሽራ የለም። በእኛ ጊዜ ግን ለሰፈሩ በሞላ አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አባቢያ ናቸው፤ ከጅማ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ጎረቤታችን። ጥቁሩን ሱፍ ያሰፉት ለራሳቸው ሠርግ ነው። ከእሳቸው ወዲህ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ የተዳረው በእሱ ነው። ቀጭኑ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ አጥብቦ፣ ወፍራሙ ሳይቆልፍ ይለብሰዋል። ኪራይ ብሎ ነገር አልነበረም፤ "መልካም ጋብቻ" ብለው አውጥተው ይሰጣሉ፣ አለቀ።

አባቴ ታምሩም ያገባው በእሱ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። የሠርጋቸውን ፎቶ የሚዛን እርጥበት በልቶት ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ከእናቴ ነጭ ቀሚስ ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። እናቴ ዓለምሸት ከልጅነቴ ጀምሮ፣ "አልአዛር፣ አንተ በዚያ ልብስ ስትዳር ልይ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም" ትለኝ ነበር። እኔም የምመኘው እሱኑ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ለአንድ ቀን እንኳ እሱን ልሁንላት ብዬ ነበር።

ልብሱ ግን አንድ ነውር ነበረበት፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። የአባቢያ ባለቤት አዴ ዘይቱ የሚያስቀምጡት ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ፣ ኮረሪማ ከሚደርቅበት ጎን ነው። ሙሽራው ገና ከደጅ ብቅ ሲል፣ "ይሄ ሰውዬ ከማድ ቤት ነው እንዴ የተዳረው?" እየተባለ ይሳቃል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ኩራቴ ሌላ ነበር። አናጢ ነኝ፣ እጮኛዬ ሮዳስ አስተማሪ ናት፣ ቤተሰቦቿም ከቴፒ ሊመጡ ነው። እነሱ ፊት ጭስ ጭስ እየሸተትኩ አልቆምም አልኩ። በ1993 ክረምት፣ ሽማግሌ ልኬ እሺ እንደተባልኩ፣ ከዋንዛ ያማረ ቁምሳጥን ሠርቼ ለነአባቢያ ሰጠሁ። ልብሱንም በገዛ እጄ ከቆጡ አውርጄ ሰቀልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

አዴ ዘይቱ አልወደዱትም። "ሠላሳ ዓመት እዚያ ኖሮ ምን ሆነ?" አሉኝ።

"አዴ፣ ጊዜው ተለውጧል" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያን አፌን በጥፊ ብለው ደስ ይለኛል።

ጥር ላይ፣ ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ልብሱን ልለካ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ገለባ የመሰሉ ደቃቅ ቢራቢሮዎች ፊቴ ላይ ቦነኑ። ብል! ኮቱን ወደ ብርሃን ይዤ ሳየው በግራ ደረቱ በኩል ግቢው ይታያል። ሱሪውማ ከጉልበቱ በላይ ወንፊት ሆኗል። ኮቱን እንደታቀፍኩ እዚያው ተቀመጥኩ።

"ይጠብቀው የነበረው ጭሱ ነው" አሉ አዴ ዘይቱ ቀስ ብለው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቢያ ግን የማይቀልዱበት ነገር የለም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አንተ ግን ወላሂ የቆጡን አውርደህ የቆጡኑ አጣህ!"

ከዚያ ዘመቻ ተጀመረ። ልብሱን ፀሐይ ላይ አራገፍነው። በየስፌቱ ውስጥ የተሸጎጠውን እንቁላል በብሩሽ ጠረግን። አዴ ዘይቱ እርጥብ ጨርቅ ደርበው በከሰል ካውያ ደጋግመው ተኮሱት። እኔ ቁምሳጥኑን በላምባ አጠብኩት። አባቢያም ናፍታሊን የሚሉትን ነጭ እንክብል ከሱቃቸው አምጥተው በየኪሱ ከተቱ። ልብስ ሰፊው ይርዳው ሱሪውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ "ይሄስ አልቋል፤ ደህናውን ቆርጬ ኮቱን ላድንበት" አለ። መቀሱን እንደያዘ አባቢያን አያቸው።

"ቁረጥ" አሉት። "እኔ እንደሁ ዳግመኛ አላገባበት።"

"ይሞክሩና እናያለን!" አሉ አዴ ዘይቱ።

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ከራሴ ሱሪ ጋር ለብሼ እናቴ ፊት ቆምኩ። ይርዳው እጁ ይባረክና ጥገናው ከቅርብ ካላዩት አይታወቅም። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጠጋ ብላ አፍንጫዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው ቀና አለች።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም። አምሮብሃል።"

"አባባን አልመሰልኩም?"

ኮሌታዬን በጣቷ አቃናች። "እኔ ምን አውቄ ልጄ" አለችኝ። "መልኩ ጠፍቶብኛል እኮ። ፎቶው ከተበላሸ ወዲህ ፊቱን ብፈልገው ብፈልገው አይመጣልኝም። የቀረኝ የዚያ ቀን ሽታው ነው። ያ ጭስና ኮረሪማ ጨርቁ ላይ ሲሸተኝ አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ እየተሻማሁ የምስመው ለምን ይመስልሃል?"

ብል የበላው ጨርቁን ነው፤ ሽታውን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ኮቱን አውልቄ እየሮጥኩ ወደ አዴ ዘይቱ ማድ ቤት ሄድኩ። ናፍታሊኑን ከየኪሱ አውጥቼ ጣልኩና ኮቱን ቆጡ ላይ ሰቀልኩት።

"አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?"

"አዴ፣ ይጢስ" አልኩ። እናቴ ያለችኝን ነገርኳቸው። አዴ ዘይቱ እርጥብ የቡና እንጨት አምጥተው ምድጃው ላይ ጨመሩ፣ ከቆጡም አንድ እፍኝ ኮረሪማ አውርደው ፍሙ ዳር በተኑ። ራት እስኪደርስ ዓይናችን እየነደደ እሳቱን ጠበቅን።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ የቆመችው ሮዳስ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። እናቴ ልትስመኝ መጣችና ትከሻዬ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቀረች። መጋቢው ጉሮሮውን ጠረገ፤ መዘምራኑም የጨረሱትን መዝሙር እንደገና ጀመሩት። ቀና በይ አላልኳትም።