የፕሮፌሰር ታዊሳክ ንፁሕ ደም

ፕሮፌሰር ታዊሳክን የሚያህል የጥሬ ዓሣ ጠላት በኛ አውራጃ፣ በኮን ኬን ምድር አልነበረም። ያውም በአደባባይ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መንደር ለመንደር እየዞረ፣ ገበሬውን እንደ ሕፃን አስቀምጦ፣ «ጥሬ ዓሣ አትብሉ! ትሉ ጉበታችሁ ውስጥ ይገባል፤ ውሎ አድሮ ካንሰር ያመጣባችኋል» ሲል ከኋላው ሥዕሉን ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። እኔ ላምዱዋን፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን። ዓሣ መፍጨት፣ ትል መልቀም፣ ደም መቅዳት የኔ ነው፤ ሽልማት መቀበል የሱ።

ትሉ በሽታ የሚከላከሉልንን የሰውነታችንን ወታደሮች እንዴት አታሎ እንደሚኖር ጽፎ ጽፎ ፕሮፌሰር ሆነ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ሲድንበት የኖረውን አሮጌ ኪኒን ናቀና የራሱን አዲስ መድኃኒት ሠራ። ሦስት መቶ የመንደር ሰው ዋጠለት። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ካምፖን ነው።

መድኃኒቱ መሥራቱን የምናየው በደም ነበር። ደሙን ትንንሽ ጉድጓድ ያለው ሳህን ላይ ጠብ እናደርጋለን፤ የትል ርዝራዥ ካለበት ቢጫ ይሆናል። ማነጻጸሪያው ደግሞ ትል ነክቶት የማያውቅ ሰው ደም ነው፤ ከዚያ ካልበለጠ በሽተኛው ድኗል። ታዲያ በኛ አገር ጥሬ ዓሣ ያልቀመሰ ሰው ከየት ይምጣ? ፕሮፌሰሩ እጅጌውን ሰበሰበና፣ «የኔን ቅጂ። ከእናቴ ጡት ሌላ ጥሬ ነገር ባፌ አልገባም» አለኝ። ቀዳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፁሕ ደም ማለት የሱ ደም ሆነ። ሳህኑ ላይ ቢጫ ሲልም፣ «የንፁሕ ደም መልኩ ይኸው ነው» አለኝና አመንኩት።

«የትሉ እንቁላል እንዳለበት ሰገራቸውንስ አናይም?» ብዬው ነበር።

«ሰገራ ማየት የአያቶችሽ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ካምፖንም «ድኗል» የሚል ወረቀት ተሰጠውና ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ቀኝ ጎኑን ግን እንደያዘ ነው የሚውለው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ «እቴ፣ ያንቺው ፕሮፌሰር ድነሃል ብሎኛል። ከሱ አንቺ ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መድኃኒቱ ሊጸድቅ ሳምንት ሲቀረው መንደራችን ለፕሮፌሰሩ ድግስ ደገሰ። ውሃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ብሄድ ምን አያለሁ? ፕሮፌሰሩ ምንጣፍ ላይ ዘርፈጥ ብሎ፣ ከተከተፈው ጥሬ ዓሣ በሩዝ እየጠቀለለ ይጎርሳል!

«ፕሮፌሰር!»

ደንገጥ እንኳ አላለም። «ነይ ቅመሺ፣ ላምዱዋን። ልክ እንደ እናቴ ሙያ ነው።»

«ትሉስ?»

«ሎሚው በደንብ ገብቶበታል። በላዩ አረቄ አለ። ምን ይተርፋል ብለሽ ነው?»

ወይ ጉድ! ሎሚ! ይህንኑ የሚሉትን ገበሬዎች ደንቆሮ ሲላቸው ኖሮ!

«ብዙ ጊዜ ይበላሉ?» አልኩት።

«ኧረ ለበዓል ብቻ። ሰርግ ካለም... የዘመድ ነገር፣ እምቢ አይባል።»

የኛ አገር ሰርግና በዓል መቼ አልቆ ያውቃል! ውሃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማልጄ ላቦራቶሪ ገባሁ። ጽዳት የምትሠራልንን ሐሊማን ደም ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። የደቡብ ሰው ናት፤ የወንዝ ዓሣ ሽታው ራሱ ያንገሸግሻታል፣ ጥሬው ቀርቶ የበሰለውንም አትነካ። የሷን፣ ከማቀዝቀዣው ያወጣሁትን የፕሮፌሰሩንና ከመድኃኒቱ በኋላ የተቀዳውን የካምፖንን ደም ጎን ለጎን ጠብ አደረግሁ። የሐሊማ እንደ ውሃ ጠራ። የፕሮፌሰሩ ቢጫ። የወንድሜም ቢጫ፣ እኩል ለእኩል። ለካ ያን ሁሉ በሽተኛ ከበሽተኛ ጋር እያስተያየን ነው «ድነሃል» እያልን የሸኘነው! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ተሳደብኩም።

ፕሮፌሰሩ ገብቶ ሳህኑን አየ። የማን ደም የት እንዳለ ነገርኩት።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር!

«እስከ ምሳ ድረስ እኔና እርስዎ ብቻ። ከዚያ ሁሉም ያውቃል።»

«ላምዱዋን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ነው። በይ እጠቢው፣ እንደገና እንሠራዋለን።»

«ወንድሜስ?»

እጁ ወደ ቀኝ ጎኑ ሄደና ከጎድኑ በታች ዳበስ ዳበስ አደረገ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ አሮጌው ኪኒን... መሳቢያው ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን?» አለኝ።

የሱ አዲሱ መድኃኒት በካርቶን በካርቶን ከኋላው ተደርድሮ!

አንዱን ካርቶን ከፍቼ እፊቱ አስቀመጥኩለት። «ይኸው፣ ይዋጡ ፕሮፌሰር። ሦስት መቶ ሰው ድኖበት የለ?» አልኩት። ከመሳቢያው አሮጌውን ኪኒን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ሳህኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ መድኃኒቱን ለሚያጸድቁት ሰዎች ላክሁና ወጣሁ።

ካምፖን ደጃፉ ላይ ጎኑን ይዞ ተቀምጧል። አልፌው ገባሁና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ቀደድኩት። «ምነው እቴ፣ አበድሽ?» እያለ ተከተለኝ።

«ውሃ አምጣ» አልኩት፣ ኪኒኑን ከቦርሳዬ እያወጣሁ።